አዞ ነው ወይስ ላም? ቀበቶ ከመግዛትህ በፊት

«ጋሼ፣ ግራ ገብቶኛል» ይላል እዚሁ ባሕር ዳር የሚያስተምር አንድ ወጣት የላከልኝ መልእክት። ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል። አሁን ለእጮኛው አባት ስጦታ ይፈልጋል። ሰውዬው ኑሯቸው አሜሪካ ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ይመለሳሉ። ሐይቁ ዳር ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁለት ቀበቶ አሳይቶታል፤ ጥቁሩን «የአርባ ምንጭ አዞ»፣ ቡናማውን «ሰጎን» ብሎ። ዋጋው የወር ደሞዙን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። አንዱ ጓደኛው «መሐሉ ላይ ተቀጥሏል፣ ስለዚህ ፎርጅድ ነው» አለው። ሌላው ደግሞ «በላይተር ለኮስ አድርገው፣ ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ኦርጅናል ነው» አለው። የማንን ልስማ ነው ጥያቄው።

የማናቸውንም አትስማ፣ ወንድሜ።

ከላይተሩ ልጀምር። ቆዳ ሲቃጠል እንደ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ግን ይቀልጣል። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ችግሩ፣ ሰው የሚሸወድበት የአዞ ፎርጅድ ፕላስቲክ አይደለም። የላም ቆዳ ነው። የአዞ ቅርፊት በተቀረጸበት ብረት በሙቀት ይጫኑትና አዞ መስሎ ይወጣል። የላም ቆዳም ሲቃጠል ያው ፀጉር ፀጉር ይሸታል። ስለዚህ የሰው ዕቃ አቃጥለህ ከመጣላት በቀር የምታተርፈው ነገር የለም።

ሌላም ነገር ልብ በል። ሁለት ጥያቄ ተደባልቆብሃል። ቆዳው የምን ነው? የሚለው አንዱ ነው። ቀበቶው በደንብ ተሠርቷል ወይ? የሚለው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በመጀመሪያው ነው። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው የወደቀ ነው፤ ቆዳው እውነተኛ አዞ፣ ውስጡ ካርቶን። እንደኔ ከሆነ በደንብ የተሰፋ የላም ቀበቶ ከተጨማለቀ አዞ ይሻላል።

ይሁንና ከቆዳው እንጀምር። ጥቁሩን ቀበቶ ይዘህ ወደ ፀሐይ ውጣ። ሱቅ ውስጥ ባለ መብራት አትፍረድ። የስልክህን ካሜራ አቅርብና አንድ አንዱን ቅርፊት እይ። በእውነተኛ አዞ ሆድ ቆዳ ላይ በየቅርፊቱ፣ ወደ አንዱ ጠርዝ ጠጋ ብሎ፣ በመርፌ ጫፍ የተነካ የመሰለ ትንሽ ነጥብ አለ። አዞው የውኃውን ንቅናቄ የሚሰማበት ነው። በደንብ የተወለወለ ቆዳ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ጎንበስ ቀና እያደረግህ ብርሃን ስታሳየው ግን ይወጣል። አሜሪካ ያለው የአዞ ዘመድ፣ አሊጌተር የሚሉት፣ ይህ ነጥብ ያለው መንጋጋው አካባቢ ብቻ ስለሆነ ሆዱ ላይ አታገኘውም። የእኛ አገር አዞ የናይል አዞ ነው። ስለዚህ «የአርባ ምንጭ ነው» ተብሎ አንድም ነጥብ ካጣህበት፣ ወይ አገሩ ተሳስቷል ወይ እንስሳው።

ነጥቡን አትመው የሚሠሩም አሉ። እነሱን የምትይዛቸው በድግግሞሽ ነው። ማተሚያ ብረቱ የራሱ ርዝመት አለው፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንድ ለየት ያለ ቅርፊት ምረጥ፣ ለምሳሌ ጥጉ የተቆረጠ የሚመስል። ከዚያ ቀበቶውን ተከትለህ መንትያውን ፈልግ። ቁርጥ እሱን የሚመስል ካገኘህ ነገሩ አበቃ። ፈጣሪ ሁለት ቅርፊት አስመስሎ አይሠራም። ፎቶውን አጉልተህ ስታይ ደግሞ ቅርፊቱ ላይ የፀጉር ቀዳዳዎች ብቅ ካሉልህ ላም ነው። አዞ ፀጉር የለውም።

ቀጥለህ እጠፈው። ፊቱን አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ አድርገህ በቀስታ ጎብጥ አድርገው። አዞ የሚታጠፈው በቅርፊቶቹ መሐል ባለው ስስ መስመር ነው፤ ቅርፊቱ ራሱ ደንዳና ስለሆነ እምብዛም አይሸበሸብም። የታተመ የላም ቆዳ ግን መስመር አያውቅም፤ የቅርፊቱን መሐል አቋርጦ ይሸበሸባል። ስታጥፈው ቀለሙ ነጣ ነጣ ካለ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ላዩ ላይ የተቀባ ወፍራም ቀለም ነው። ነጋዴው «አትጠፈው ይበላሻል» ካለህ መልሱን ራሱ ሰጥቶሃል። ቀበቶ ወገብ ላይ የሚዞር ዕቃ ነው፤ መታጠፍ ካልቻለ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ መቀጠሉ። ጓደኛህ እዚህ ላይ ተሳስቷል። የአዞ ቆዳ ገበያ ላይ ዋጋ የሚወጣለት በሆዱ ስፋት ነው፣ በሴንቲሜትር እየተለካ። ከአንገት እስከ ጅራት አንድ ወጥ የሆነ፣ ቅጥያ የሌለው ቀበቶ የሚያስወጣ ቆዳ ትልቅ ነው፤ ትልቁ ደግሞ ለሴት ቦርሳ ይፈለጋል። ያን ቆርጦ ቀበቶ የሚያደርግ ሰው ዋጋውን ሰማይ ይሰቅለዋል። ስለዚህ ብዙው እውነተኛ የአዞ ቀበቶ ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ የተቀጠለ ነው። እንዲያውም የታተመ የላም ቆዳ ነው መቀጠል የማያስፈልገው፤ የላም ጀርባ ረጅም ነው። በርካሽ ዋጋ ምንም ቅጥያ የሌለው «አዞ» ሲያሳዩህ ነው መጠርጠር ያለብህ።

ዋናው እንዴት ተቀጠለ የሚለው ነው። ባለሙያ የሁለቱንም ጫፍ ከውስጥ በኩል በቢላ ፍቆ ያሳሳል፣ ከዚያ ያደራርባል። ዓይንህን ጨፍነህ አውራ ጣትህን ብታሳልፍበት ጉብታ ሊሰማህ አይገባም። መጋጠሚያው የቅርፊቶቹን መስመር ይከተላል። የግራው ቅርፊት ትልልቅ ሆኖ የቀኙ ደቃቅ ከሆነ የተለያየ የሰውነት ክፍል ተገጣጥሟል፤ አይበጠስ ይሆናል፣ ዓይን ግን ያስቀይማል። ቦታውንም እይ። ቅጥያው ቀዳዳዎቹ አጠገብ ከሆነ አትግዛ። ቀበቶ በየቀኑ የሚጎተተው እዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የምንም ቀበቶ ፈተና ነው፣ የላምም ይሁን የአዞ። ገልብጠው። ገበሩ ቆዳ ነው ወይስ የቆዳ መልክ ያለው ወረቀት? ስታጥፈው ቀጭን ቀጭን ሽብሽብ የሚያወጣና የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ውስጡ ካርቶን ነው። አንድ ክረምት አይሻገርም። ጠርዙን በጥፍርህ ነካ አድርገው። በደንብ የተሠራ ጠርዝ ተሞርዶ፣ ቀለሙ በስሱ ተደጋግሞ ተቀብቶ ለስልሶ ነው የሚገኘው። ማስቲሹ በጎን ከታየህ ወይም ቀለሙ እንደ ላስቲክ ተላጦ ከመጣ ተወው።

ስፌቱ ላይ ትንሽ ቆይ። ከጠርዙ ያለው ርቀት ከዳር እስከ ዳር አንድ መሆን አለበት። በአንድ ሴንቲሜትር ሦስት ወይም አራት ስፌት ደህና ነው። ከዚያ በጣም ከበዛ ቆዳውን እንደ ቴምብር ይበሳሳዋል፣ ጎትተህ ትቀደዋለህ። የእጅ ስፌት በሁለት መርፌ ስለሚሠራ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የመኪና ስፌት አንዴ ከተበጠሰ መተርተር ይወዳል። ግን የመኪና ስፌት ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ እኔም ዘወትር በመኪና እሰፋለሁ። አዞ ላይ በተለይ ፈልግ የምልህ፣ ደንዳናው ቅርፊት ላይ መርፌ ያለፈበትን ቦታ ነው። ቸኩሎ የሰፋ ሰው ቅርፊቱን ሰንጥቆት ያልፋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ታያለህ።

ዘለበቱን ማግኔት አስጠጋበት። ከሳበው ብረት ነው፣ ይዝጋል፣ እዚህ ሐይቅ ዳር ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። ካልሳበው ናስ ወይም ዚንክ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው የተጫረ ቦታ ካገኘህ ቢጫ ከሆነ ናስ፣ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ነው። ዚንክ ሲወድቅ እንደ ሸክላ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። በብሎን የታሰረ ዘለበት ከተሰፋው ይሻላል፤ ሲያረጅ ትቀይረዋለህ።

የሰጎኑ ነገር ቀላል ነው። ጉብጉቦቹ ላባው የተነቀለባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ስለዚህ እውነተኛው ጉብ ያለው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ከሌላው ይለያል። ታትሞ የወጣው ቀዳዳ የለውም፣ ወይም ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሰጎን ላይ ደግሞ ጉብጉብ የበዛበት ጀርባው አካባቢ ብቻ ነው፤ የቀረው ቆዳ ሳስ ያለ ነው። ዳር እስከ ዳር እኩል ተጠቅጥቆ ዋጋው ግን ርካሽ ከሆነ አትመን። የሰጎን ቆዳ በዓለም ላይ በብዛት የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ እዚህ የሚደርሰው ብዙ እጅ አልፎ ነው። የዘንዶና የአርጃኖ ካሳየህ፣ ዘንዶውን በጣትህ ወደ አንድ አቅጣጫ ዳስሰው ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው ስትመልሰው ቅርፊቱ ጣትህን ይይዛል። ቆዳው ስስ ስለሆነ ያለ ጠንካራ ገበር ቀበቶ አይሆንም። የጉማሬ ነው የሚልህ ካለ ተጠንቀቅ። ያ ቆዳ ድሮ አለንጋ ሲሆን ነው የምናውቀው።

አሁን ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ። ስጦታው ድንበር ይሻገራል። አዞ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ ሳይተስ በሚሉት፣ ቁጥጥር ያለበት እንስሳ ነው። ስምምነቱ የተፈረመው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። አርባ ምንጭ የአዞ እርባታ መኖሩ እውነት ነው፤ «ከዚያ ነው» ማለት ብቻ ግን ወረቀት አይሆንም። ነጋዴውን ደረሰኝና የቆዳውን ምንጭ የሚያሳይ ሰነድ ጠይቀው። ከዚያ ከበረራው በፊት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ የአሜሪካንንም ሕግ አረጋግጡ። አማትህ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወገባቸውን ይዘው እንዲቀሩ አትፈልግም። ሰነድ ከሌለ እኔ ብሆን የአዞውን ሐሳብ ትቼ ጥሩ የላም ቀበቶ አሠራለሁ። ለራሴ ገበያ እያመጣሁ እንዳይመስልህ፤ ከተማው ውስጥ ጥሩ የሚሠራ ሰው ሞልቷል።

ከገዛህ ደግሞ አያያዙን አብረህ ንገራቸው። ፌስታል ውስጥ አይቀመጥ፤ በክረምት ይሻግታል። ተሰቅሎ ይደር። በጀልባ ሲሄዱ ውኃ ከነካው በጨርቅ ጠርጎ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው፤ ፀሐይም ምድጃም አይሆንም። የጫማ ቀለም አይቀባ፤ በቅርፊቶቹ መሐል ገብቶ ይጋገራል።

ልኩን በግምት አትግዛ። የድሮ ቀበቷቸውን አግኝ፤ ዘለበቱ ከታጠፈበት እስከሚቆልፉበት ቀዳዳ ድረስ ለካ። ያ ቁጥር አዲሱ ቀበቶ መካከለኛ ቀዳዳ ላይ መዋል አለበት፤ ለዚህ ነው ቀዳዳው አምስት ወይም ሰባት የሚሆነው። ቀበቶውን እንዴት ላግኘው ካልክ፣ እጮኛህ እናቷን ትጠይቅልህ።