ከቸርኬ ላይ አልለቅ ያለ የፍሬን ብናኝ
ወንድሜ፣ የአሉሚኒየም ቸርኬዎ ላይ በሳሙና አልለቅ ያለውን ጥቁር ብናኝ በሽቦ ይፈትጉት እንደሆነ ለጠየቁት፣ እባክዎ ሽቦ አያስነኩት። ብናኙ ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ የሚፋቅ ብረት ያለበት ሲሆን፣ በተለይ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ፍሬን እየያዙ ቁልቁል ሲወርዱ ግሎ ቀለሙ ላይ ይጣበቅና በእርጥበት ይዝጋል፤ ሽቦ ደግሞ መከላከያ ቀለሙን አብሮ ይፍቀዋል።

በማለዳ፣ ቸርኬው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ በውኃ አጥበው አሲድ የሌለበት የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ ይርጩበት። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ሲንጠባጠብ ያዩታል፤ ያ ብረቱ መሟሟቱ ነው። በእኛ ከተማ ሙቀት ፈጥኖ ስለሚደርቅ አራቱንም በአንድ ጊዜ አይርጩ፤ አንዱን በለስላሳ ብሩሽ፣ የዳዶዎቹን ቀዳዳ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው በብዙ ውኃ ካለቀለቁ በኋላ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።