የጀልባ ሳልባትዮ ለጠየቀኝ ልጅና ለእኩዮቹ

ከኮምቦልቻ ሄዶ ጅቡቲ ጀልባ ጥገና ላይ የተቀጠረ አንድ ልጅ ሰሞኑን ጥያቄ ላከልኝ። የአንድ ባለ ሸራ ጀልባ የናፍጣ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ከሥር ያንጠባጥባል፣ የነዳጁን መጠን የሚያሳየው ጌጁም አይሠራም። «ጋሼ፣ አውርጄ ባዶ አድርጌዋለሁ፤ ነገ በያጅ አመጣለሁ» ይላል። «አብሽር፣ ጌጁ ይደርሳል፤ ብየዳውን ግን አቁም» አልኩት።

የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረበት ዘመን ኮምቦልቻ ጋራዦች በር ላይ የኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ሰልፍ አይጠፋም ነበር። የአንዷ ሳልባትዮ ጎኑ ተሰንጥቆ ወረደ። ናፍጣው ተቀዳ፤ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ዋለ። በያጁ ገና ጢም ያላወጣ፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነበር። ውስጡን ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። አሸተተው፤ ብዙም አይሸትም። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም ሲባል ሰምቷል። እውነት ነው፤ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ የሚነድ ተን አይሰጥም። ነገር ግን በላሜራው መጋጠሚያና በውስጥ ክፍልፋዮቹ ሥር የቀረው ጥቂት ናፍጣ የብየዳው ሙቀት ሲደርስበት ይተናል፤ ባዶው ታንከር ደግሞ ተኑ የሚቀላቀልበት አየር ሞልቶታል። ብየዳውን ሲጀምር ታንከሩ ፈነዳ፤ ላሜራው ተገንጥሎ ፊቱን መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ አንድ ዓይኑን ግን አጣ፤ ሙያውንም ተወ። ጋራዡ ውስጥ ይህን የማያውቅ አንጋፋ አልነበረም። እያንዳንዱ «ሌላው ነግሮታል» ብሎ ዝም አለ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው።

ስለዚህ ታንከሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ የሚወጣው ውሃ ላይ የዘይት ቀለም እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሙት። አሉሚኒየም ከሆነ ኮስቲክ ሶዳ አታስገቡ፤ ብረቱን ይበላዋል። ከዚያ የሚበየደውን ቦታ ወደ ላይ አዙራችሁ እስከ አጠገቡ ውሃ ሙሉት፤ ክፍተቶቹ ሁሉ ክፍት ይሁኑ። ባትሪ መንቀልንና ሲጋራ ማራቅን ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

ግን ለምን ተበሳ? የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ ስልክ ላይ ፎቶ አይታችሁ ዕቃ ታዛላችሁ፤ የአሮጌውን ዕቃ ሞት ምክንያት ግን አትመረምሩም። ጎዶሎ ታንከር ውስጥ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ጠል ይፈጠራል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ በሁለቱ መካከል ጥቁር ዝቃጭ የሚሠሩ ተህዋስያን ይራባሉ፤ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። አሉሚኒየም ደግሞ ከውጭም ይበሳል፤ ከሥሩ የተነጠፈው እንጨት ወይም ስፖንጅ የጨው ውሃ ይዞ ሲቆይ። ቀዳዳው አንድ ከሆነ ይጠገናል። ዙሪያው በጥፍር ሲጫኑት የሚላላ ከሆነ ግን፣ መጠገንን የምወድ ሰው ብሆንም፣ ባሕር ለሚወጣ ጀልባ አዲስ አሠሩ።

ስትፈትሹ የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር በቀጥታ አትልቀቁበት። ከ0.2 ባር አትለፉ፤ ይህች ትንሽ ግፊት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ 500 ኪሎ ያህል ትገፋለች። የሳሙና አረፋ ቀቡና አረፋ የሚተፋውን ፈልጉ።

ወደ ጌጁ ልምጣ። መጀመሪያ የተበላሸው መርፌው ያለበት ሰዓት ይሁን ታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ለዩ። ታንከሩ ተከድኖ፣ ተን በሌለበት፣ የተንሳፋፊውን ገመድ ንቀሉና የሞተሩን ቁልፍ ክፈቱ፤ ከዚያ ገመዱን ማሳ (ኔጌቲቭ) አስነኩት። መርፌው ከዳር እስከ ዳር ከተንቀሳቀሰ ሰዓቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ተንሳፋፊው ወይም ማሳው ነው። ማሸጊያው የጎማ ጓርኒሲዮንና የዛገ ቡሎን ማሳን ስለሚያቋርጡ ለተንሳፋፊው የራሱን የማሳ ገመድ ስጡት።

አዲስ ስትገዙ ሰዓቱና ተንሳፋፊው አንድ ዓይነት መሆናቸውን በቴስተር አረጋግጡ። የአሜሪካው ተንሳፋፊ ታንከሩ ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ያሳያል፤ የአውሮፓው ባዶ ሲሆን 10፣ ሙሉ ሲሆን 180። የአውሮፓ ተንሳፋፊ ከአሜሪካ ሰዓት ጋር ከታሰረ ነዳጅ ያለቀበት ታንከር ሙሉ ሆኖ ይነበባል። የተንሳፋፊው አምስት የቡሎን ቀዳዳዎች እኩል ስላልተራራቁ ዕቃው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፤ አስገድዳችሁ አታስፉ። ክንዱ በሙሉ ሲወዛወዝ ክፍልፋይ እንዳይነካ አስቀድማችሁ ሞክሩት። ጓርኒሲዮኑ ናፍጣ የሚችል ናይትራይል ጎማ ይሁን፤ ተራ ሲልኮን በናፍጣ ያብጣል።

በመጨረሻ ታንከሩን በ10 ሊትር ጀሪካን እየቆጠራችሁ ሙሉ፤ በየጀሪካኑ መርፌው የቆመበትን ጻፉ። የጀልባ ታንከር ብዙውን ጊዜ ከታች ስለሚጠብ መርፌው ግማሽ ላይ ሲሆን የቀረው ከግማሽ ያነሰ ነው። ጀልባው በሸራ ሲሄድ ወደ ጎን ስለሚያጋድል ንባቡ ይዛባል፤ ነዳጅ መሳቢያውም አየር ሊስብ፣ ሞተሩም ሊጠፋ ይችላል። ንባቡን ጀልባው ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሰዱ፤ የመጨረሻዋን ሩብ ደግሞ እንደሌለች ቁጠሯት።