ዕቃው ከነታሪኩ ይግባ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የቅርስ መዝገብ ይዤ ነው። ጎብኚ የሚያየው በመስታወት ውስጥ ያለውን ዕቃ ነው፤ ስለ ዕቃው የተጻፈችውን ካርድ ግን የሚያስታውሳት የለም። የሙዚየም ሥራ ለምትወዱ ወጣቶች ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለዚያች ካርድ ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በራስ ተፈሪ ቤት፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያሰባሰቡት ሙዚየም አለ። ካላያችሁት ሂዱና እዩት። የእጅ ጽሑፎች፣ ጌጣጌጥ፣ ስፌት፣ የቆዩ የድምፅ ቅጂዎች ሳይቀሩ ተቀምጠውበታል። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ከመያዟ በፊት የራሷ አሚሮች ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር፤ የአሚሮቹን ትንሽ ሳንቲም ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ሰውየው ያረጁ መጻሕፍትን መጠገንና መደጎስም በእጃቸው ይሠራሉ። አንድ ሰው በቁጭት ተነሥቶ የማኅበረሰቡን ትዝታ እንዲህ ሲያተርፍ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ስለ ስፌቱ ልንገራችሁ። በጌይ ጋር፣ በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ስፌት በግድግዳ ላይ በወግ ይሰቀላል። እናት ለልጇ የሰፋችው አለ፤ ለሠርግ የመጣ አለ። ከግድግዳው ስታወርዱት የት እንደነበረና ማን እንደሰፋው ካልጻፋችሁ ግማሹን እዚያው ትታችሁት መጥታችኋል።

ይህን የምለው ስለበደልኩ ነው። ወጣት ሳለሁ አንዲት እናት ሙዳይ ይዘው መጡ። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ቀለሙን ጻፍኩ። እሳቸው ሊያወሩኝ ፈልገው ትንሽ ቆመው ነበር፤ እኔ ግን ወረፋ ነበረብኝ። ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጃቸው መጥታ «አያቴ ይህን ለማን ነው የሰፋችው?» ስትለኝ ያለኝ የሴንቲሜትር ቁጥር ብቻ ነበር። እናትየው አርፈዋል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ ወንበር ስጡት። ሜትሩ በኋላ ይደርሳል። ተናጋሪው ፈቃደኛ ከሆነ ድምፁን ቅረጹ፤ የዕቃውን ስም በራሱ ቋንቋ፣ እሱ እንደሚጠራው ጻፉ። የእናንተን ግምት ከእሱ ቃል ጋር አትቀላቅሉ። በተቀደደ ገጽ ላይም ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል።

ከልጅቷ ጋር የአያቷን ጎረቤት ፈልገን አገኘን። ሙዳዩ ለመጀመሪያ ልጃቸው ሠርግ እንደተሰፋ ነገሩን። በካርዱ ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩት፤ «ጎረቤት እንደተናገሩት» የሚለውንም ጨመርኩበት።