መደርደሪያው ባዶ፣ ደብተሩ ሙሉ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኮምፒውተር የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ እንዲለምድ በጻፍኩት ፕሮግራም ከድሮ ጋዜጦች ስካን ላይ ፊደላትን አንድ በአንድ እየቆረጥኩ አስቀምጣለሁ። አንዱ ምስል ቢበዛ 2 ኪሎባይት ነው። ሰሞኑን ሊኑክስ የጫንኩበት ኮምፒውተር «በዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ብሎ ቆመ። ሳየው ግን ከ100 ጊጋባይቱ የተያዘው ሩቡ ብቻ ነው። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን? አዲስ ልግዛ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ዲስኩ ጤነኛ ነው። ያለቀብሽ አይኖድ ነው፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠው የመዝገብ ተራ ቁጥር።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? መደርደሪያው ባዶ ቢሆንም የመመዝገቢያ ደብተሩ ተራ ቁጥር ካለቀ አዲስ ፋይል አይከፈትልሽም። ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ዲስኩ ፎርማት በሚደረግበት ቀን፣ ሌላ ካልታዘዘ፣ ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ ተራ ቁጥር ይመድባል። ለ100 ጊጋባይት 6.5 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። አንዱ ምስልሽ 2 ኪሎባይት ቢሆንም በዲስኩ ላይ 4 ኪሎባይት ይይዛል፤ 6.5 ሚሊዮኑ 25 ጊጋባይት ሆነ፤ ሩብ ያልሽው ይኸው ነው። «ዲኤፍ» የሚለውን ትእዛዝ «-አይ» ጨምረሽ ስጪው፤ መቶ በመቶ አልቋል ይልሻል።

እኔ ይህን የተማርኩት እያንዳንዱን ደብዳቤ በየራሱ ፋይል የሚያስቀምጥ የኢሜይል ሰርቨር ስጠብቅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትልልቅ ፋይሎችን ሳጠፋ አደርኩ። ቦታው በረከተ፣ ሰርቨሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ማጥፋት የነበረብኝ ትንንሾቹን ነበር።

የተመደበው ቁጥር በኋላ አይጨመርም፤ የዲስኩን ክፍልፋይ (ፓርቲሽኑን) ካላሰፋሽው በቀር እንደገና ፎርማት ማድረግ ግድ ነው። አደራ፣ ምስሎቹን አንድ በአንድ ወደ ውጫዊ ዲስክ አትገልብጪ። እነዚያ ዲስኮች ብዙ ጊዜ ኤክስፋት በሚባል ሌላ የፋይል ሥርዓት የተፎረሙ ናቸው፤ ለትንሿም ፋይል 128 ኪሎባይት ይሰጣሉ። ያንቺ 25 ጊጋባይት እዚያ ከ800 ይበልጣል! ይልቅ በ«ታር» አንድ ላይ አስሪያቸው፤ ከ20 ጊጋባይት አይዘልም። እሽጉን በቀጥታ ውጫዊው ዲስክ ላይ ጻፊው፤ አይኖድ ባለቀበት ዲስክ ላይ አንዲትም አዲስ ፋይል አትፈጠርም። እሽጉ መከፈቱን ሳታረጋግጪ አሮጌውን እንዳትነኪ።

እንደገና ስትፎርሚ ምርጫው ለእኔ ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ነው፤ ተራ ቁጥሩን እንደ አስፈላጊነቱ እየፈጠረ ይሄዳል። ጉድለቱ ማስፋት እንጂ ማሳነስ አለመቻሉ ነው። ኤክስት4ን ከለመድሽው ግን ስትፎርሚ «-አይ 4096» (በትንሿ i) በይው፤ አይኖዱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደብተሩ ራሱ 6 ጊጋባይት ይበላል፤ ላንቺ ሥራ ግን ያዋጣል። ዲስኩ ማውንት ሲደረግ ደግሞ «ኖኤታይም» የሚለውን አማራጭ ጨምሪ፤ ምስል የተነበበበትን ሰዓት መመዝገቡን ይተዋል።

ሁሉንም በአንድ ፎልደር ከከተትሻቸው ለመዘርዘር ብቻ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። በፊደል እንዳትከፋፍይ፤ የ«ን» ፎልደር አብጦ የ«ጰ» ባዶውን ይቀራል። በጋዜጣው እትምና በገጹ ከፋፍያቸው፤ አንድ ገጽ በሺዎች እንጂ በሚሊዮን አይወጣውም፣ የተሳሳተ ፊደል ስታገኚም ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ወዲያው ታውቂያለሽ።