መሬቱ የእኔ፣ ቃሉ የእሱ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ አንዷ ባሏ የሞተባት ገበሬ፣ ሁለተኛዋ የከተማ እመቤት፣ ሦስተኛው አባወራ ናቸው። ሦስቱም የጻፉት ግን አንዱ ወገን ከሌላው በበረታበት ኑሮ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። ስማቸውን ሳንጠቅስ፣ ደብዳቤዎቻቸውንም አሳጥረን አትመናል።

ጥያቄ፦ ከተሁለደሬ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ መሬታችንን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ ነው። እኔ በሬ የለኝም፤ ልጄም ገና ሞፈር ለመጨበጥ አልደረሰም። ባለቤቴ የሞተ ሰሞን ማንም ሳይጠይቀው ጥማዱን ነድቶ መጥቶ ያረሰልኝ እሱ ስለሆነ ውለታውን አልክድም። ውላችን በእኩል ነው፤ የተዋዋልነው ግን በቃል ነው። የራሱን አርሶና ዘርቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ማሳ ይመጣል፤ ስለዚህ የእኔ ጤፍ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይዘራል። አውድማ ላይ አልጠራም። እህሉ በጆንያ ታስሮ ቤቴ ይደርሳል፤ ጭዱ ለእሱ ከብቶች ይቀራል። ዓምና ስለ ጭዱ ብጠይቀው «የወንድሜ መሬት አይደለም ወይ?» ብሎ መለሰልኝ። የይዞታ ደብተሩ ላይ ከባለቤቴ ጋር የእኔም ስምና ፎቶ አለ። ለቅሬው (ለእድሩ) ሽማግሌዎች እንዳልነግር የእሱ ዘመዶች ናቸው። መሬቱ የእኔ ሆኖ ሳለ በገዛ እህሌ ለማኝ የሆንሁት ለምንድን ነው?

መልስ፦

የተከበሩ እኅታችን፣ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት መብትዎ ሙሉ ነው፤ የጎደለዎ አቅም ነው። በክልሉ ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት የገጠር መሬት የሚሰጠው የይዞታ ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ የሚይዝ ነው። ስለዚህ ዋርሳዎ «የወንድሜ» ያሉት መሬት ከመጀመሪያውም የእርስዎም ነበር፤ ዛሬም ነው። ይሁን እንጂ በሁለት ሰዎች መካከል ማን በማን ላይ እንደሚበረታ ደብተር ብቻውን አይወስነውም። የሚወስነው፣ ውሉ ነገ ቢፈርስ ሳይራብ መክረም የሚችለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ውሉ ቢፈርስ ዋርሳዎ የራሳቸው መሬትና ጥማድ በሬ አላቸው፤ የሚቀርባቸው ከእርስዎ ማሳ የሚያገኙት ተጨማሪ እህል ብቻ ነው። እርስዎ ግን ሌላ አራሽ ፈልገው እስኪያገኙ ዝናቡ ያልፋል፣ መሬቱም ጦሙን ያድራል። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ለዚህ ነው ቁጣም ሆነ ማስፈራሪያ ሳያስፈልግ፣ ጆንያው ጎድሎ ሲመጣ ቤትዎ ውስጥ ዝም የሚባለው።

ወሎ ይህን ነገር ቀድሞ የሚያውቀው በተገላቢጦሽ ነበር። ከ1967 በፊት ብርቱው ባለመሬቱ፣ ደካማው አራሹ ነው፤ ጢሰኛው ካመረተው ላይ ድርሻውን ለባለመሬቱ ሲሰፍር ቢከፋውም የሚሄድበት አልነበረውም። በ1965 እና በ1966 በወሎ በረኃብ ያለቀው ሕዝብ ያለቀው ዝናብ ስለቀረ ብቻ አይደለም። ከብቱን በርካሽ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ እህል የሚገዛበት አቅም አጣ፤ ጩኸቱንም በጊዜው የሚሰማው ባለሥልጣን አላገኘም፤ እንዲያውም ረኃቡ ከዓለም ዓይን እንዲሰወር ተደረገ። ደካማ ሰው የሚጎዳው በማጣቱ ብቻ ሳይሆን ማጣቱን ሰሚ ዘንድ የሚያደርስበት መንገድ በሌላ ሰው እጅ በመሆኑም ጭምር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የባለመሬትንና የጢሰኛን ግንኙነት አፈረሰ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። ነገር ግን መሬት የደረሰው ሁሉ በሬ አልደረሰውም፤ ስለዚህ ኃይሉ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ወይም ጉልበቱ የደከመ ባለይዞታ የአራሹን ፊት እያየ የሚኖረው ለዚህ ነው። የእርስዎ ጉዳይ የአንድ ቤተሰብ ጠብ ብቻ አለመሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ዋርሳዎን ሌባ ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ወንድማቸው የሞተ ሰሞን ሳይጠሩ የመጡ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ያደረጉት ንጹሕ ደግነት እንደነበረ አምናለሁ። ክፋቱ ደግነቱ የመክፈያ ቀን ያልተቆረጠለት ዕዳ ሆኖ መቅረቱ ነው። በመጀመሪያ በውለታው ስም ጭዱ ቀረ፤ ቀጥሎ የእርስዎ ማሳ ከእሳቸው ማሳ በኋላ የሚታረስ ሆነ፤ በመጨረሻም አውድማ ላይ መጠራትዎ ተረሳ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ሰው የሚጣላበት ጉዳይ አይደለም። በተለይ የእርሻውን መዘግየት ልብ እንዲሉት እለምንዎታለሁ፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላ የተዘራ ጤፍ ዝናቡ ሳያጠግበው ስለሚደርስ፣ ምርቱ ወደ አውድማ ሳይመጣ ገና ማሳው ላይ ጎድሏል። ቁናው ሳይዛባ እኩል ቢካፈሉ እንኳ የተካፈሉት ጎዶሎውን ነው። ይህን ማንም ስርቆት ብሎ አይጠራውም፤ እሳቸውም በልባቸው በደል አድርገው አይቆጥሩት ይሆናል። የበረታ ሰው ብርታቱ አይታየውም፤ ኑሮው እንዲሁ የተሠራ ይመስለዋል። ክብደቱን የሚያውቀው የተጫነበት ነው።

ስለዚህ እንዲራሩልዎ ይለምኗቸው ብዬ አልመክርዎትም፤ ርኅራኄ ከሰጪው ፈቃድ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው። የሚያስፈልግዎ ሌላ የሚሄዱበት በር ነው። እርሻ ከመጀመሩ አስቀድመው ከዘመድ ውጭ የሆነ አንድ ጨዋ ገበሬ «መሬቴን በምን ውል ታርስልኛለህ?» ብለው ይጠይቁ። ለእሱ ባይሰጡት እንኳ መልሱን ይዘው ከዋርሳዎ ጋር ሲቀመጡ ንግግርዎ ይለወጣል። ከሳቸው ጋር ለመቀጠል ከወሰኑ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ለአንድ የምርት ዘመን ብቻ ይሁን፣ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። ማሳው መቼ እንደሚታረስ፣ ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ጭዱ እንዴት እንደሚከፈል፣ ሲወቃ እርስዎ ወይም የእርስዎ ሰው እንደሚገኝ በግልጽ ይጻፍበት። ሽማግሌዎቹ የእሳቸው ዘመዶች መሆናቸው እውነተኛ ችግር ነው፤ ሆኖም በሽምግልና ወግ አንዱ ወገን ብቻ ሽማግሌ አይመርጥም። ከወላጆችዎ ወገን አንድ፣ ከጎረቤት አንድ ሰው ጨምረው ያስቀምጡ፤ ጊዜውም እህሉ ከተከፈለ በኋላ ሳይሆን ገና ከመታረሱ በፊት ይሁን። በምርት ሰሞን የተነሣ ክርክር የጆንያ ክርክር ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ኑሮዎን የሚለውጠው ግን አንድ በሬ ይመስለኛል። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ማረስ ይችላል፤ ሞፈር የሚጨብጥ ሰው መፈለግ ጥማድ የመለመንን ያህል አይከብድም። በብድር ለመግዛት ካሰቡ ግን የመክፈያው ወር ከምርት በኋላ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ከዋርሳ እጅ ወጥቶ በአበዳሪ እጅ መግባት መፍትሔ አይሆንም። ልጅዎንም ለእርሻ ብለው ከትምህርት ቤት አያስቀሩት።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሆጤ

ሠራተኛዬ ከለጋምቦ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ሦስት ዓመት አብራን ኖራለች። ከምንበላው ትበላ ነበር፤ ክፉ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም፤ ከልጆቼ ለይቼ አላያትም። ደመወዟንም እንዳይጠፋባት ብዬ እኔ ዘንድ አጠራቅምላት ነበር። ባለፈው ወር ገበያ ወጥታ በዚያው ቀረች። ዐረብ አገር ለመሄድ እየተዘጋጀች ነው ሲሉ ሰማሁ። ገንዘቧን እንኳ አልጠየቀችኝም። ምን በደልኋት?

መልስ፦

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ለጥያቄዎ የተሻለውን መልስ የሰጠችዎ ልጅቷ ራሷ ናት። የሦስት ዓመት ድካሟን ትታ የሄደችው እርስዎን ፊት ለፊት «ልሄድ ነው፣ ገንዘቤን ስጪኝ» ማለት ገንዘቡን ከማጣት ስለከበዳት ነው። ክፉ ቃል እንዳልተናገሯት አምናለሁ። ነገር ግን ደመወዟ በእርስዎ እጅ፣ መኝታዋ በእርስዎ ቤት፣ የዕረፍት ቀኗ በእርስዎ ፈቃድ ከሆነ፣ ደስ ባላት ቀንም ሆነ በከፋት ቀን የምታሳይዎ ፊት አንድ ዓይነት ይሆናል። ከልጆችዎ ጋር አንድ ማዕድ መብላቷ ደግ ነው፤ ነገር ግን ልጅዎ ሲያኮርፍ ቤቱ ቤቱ ሆኖ ይቀጥላል፣ እሷ ስታኮርፍ ወደ መንገድ ነው የምትወጣው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ለፋብሪካ ሠራተኛ ከአለቃው ጠባይ በላይ የሚቆምለት አዋጅ አለው፤ ለእሷ ግን የቅርብ ሕጓ የእርስዎ ጠባይ ነበር። ጠባይዎ መልካም መሆኑ ዕድሏ እንጂ መብቷ አልነበረም።

የምትሄድበት አገርም ከዚህ የተሻለ አይጠብቃትም ይሆናል። በብዙ የዐረብ አገሮች የውጭ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው፣ ከካፊሉ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ካፊሏን ጥላ የወጣች ሴት ሕገወጥ ልትሆን ትችላለች። በ2006 ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ በወሎ የሄደና የተመለሰ ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግር ነበር። ልጅቷ ይህን ሳትሰማ አልቀረችም። ሰምታም መርጣለች፤ ምናልባት እዚያ የምታገኘውን ገንዘብ በራሷ እጅ ወደ እናቷ መላክ ስለምትችል ይሆናል።

በዚህ ሳምንት ያድርጉት የምልዎ ነገር አንድ ነው። የሦስቱን ዓመት ደመወዝ ሳይጎድል አስበው፣ በደላላ ሳይሆን ለራሷ ያድርሱላት፤ «ብትመለሺ» የሚል ቃልም አይጨምሩበት። ገንዘቡ እጇ ከገባ ምናልባት መሄዱን ራሱ እንደገና ታስብበት ይሆናል፤ ካልሆነም ባዶ እጇን አትሰደድም። ነገ ሌላ ልጅ ሲቀጥሩ በየወሩ በራሷ የባንክ ደብተር ይክፈሏት፣ የዕረፍት ቀኗም የታወቀ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከመርሳ

ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይባላል። በአንድ ቤት ግን ሁለት አዛዥ ሊኖር አይችልም። እኔ እወስናለሁ፣ ባለቤቴ ትስማማለች፤ ተጣልተን አናውቅም። ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ የእርስዎ አስተሳሰብ አንድ ወቅት ሕግ ነበር። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑንና ሚስትም በሕግ የተፈቀደውን ሲያዛት መታዘዝ እንዳለባት ይደነግግ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ይህን ሽረው ባልና ሚስትን በቤታቸውና በንብረታቸው አስተዳደር እኩል አደረጓቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ግን በአዋጅ አልተሻረም፤ አሁንም በየቤቱ ይፈርዳል።

ተጣልታችሁ አለማወቃችሁ መስማማታችሁን አያሳይም። እሷ ባትስማማ ምን ልታደርግ ትችላለች? የምትሄድበት፣ የምትበላው፣ የሚሰማት ከሌላት ዝምታዋን ስምምነት ብለው መቁጠር የለብዎትም። «እምቢ» ብላ እምቢታዋ የጸናበትን ቀን ለማስታወስ ይሞክሩ፤ አንድም ቀን ካልመጣልዎ እስካሁን የሰሙት የራስዎን ድምፅ ነው። ሁለት አዛዥ ይኑር ማለቴ አይደለም፤ የሁለታችሁ የሆነውን ነገር ሁለታችሁ ሳትነጋገሩበት አይወሰን ማለቴ ነው። በሚመጣው የገበያ ቀን የሚሸጥ ከብት ካለ ዋጋውን ከቤት ሳይወጡ ከእሷ ጋር ይቁረጡ፤ የተሸጠበትንም ገንዘብ አብራችሁ ቁጠሩት። አይሸጥ ካለች ምክንያቷን ይስሙ፤ ካልተስማማችሁም ለዚያ ሳምንት ከብቱ በረት ውስጥ ይደር።