ጋዝ ይታመቃል ወይስ ይጨመቃል?

ጥያቄ፦ «ልጄን ሳይንስ ሳስጠናት ደብተሯ ላይ "ጋዝ በቀላሉ ይጨመቃል፤ ፈሳሽና ጠጣር ግን አይጨመቁም" የሚል አገኘሁ። እሷ ግን "እርጥብ ፎጣ ስንጨምቅ የሚወጣው ውሃ አይደል? ታዲያ ፈሳሽ አይጨመቅም የሚሉት እንዴት ነው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ "ይታመቃል" የሚል አይቻለሁ። ትክክሉ የትኛው ነው?»

መልስ፦ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ግራ ያጋባት ፊዚክሱ አይደለም፤ ቃሉ ነው። ጆሮዋ አማርኛውን በትክክል ሰምቶታል።

«ጨመቀ» ስንል ብዙውን ጊዜ የሚወጣ ነገር አለ። ፎጣ ይጨመቃል፣ ውሃው ይወጣል። ከፍሬ የሚወጣውን «ጭማቂ» ያልነውም ለዚህ ነው። ልብ ይበሉ፣ የተጨመቀው ፎጣው ነው። ውሃውማ አመለጠ። ባልዲ ውስጥ ቢያጠራቅሙት መጠኑ ያው ነው፣ አንድ ጠብታ እንኳ አልቀነሰም።

«አመቀ» ሌላ ነው። የታመቀ ነገር የትም አይሄድም። እዚያው ነው፤ ቦታው ብቻ ይጠበዋል። ደግሞም ይገፋል። «ንዴቱን አምቆ ያዘ» ስንል ንዴቱ አልጠፋም፣ ውስጥ ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። «የታመቀ ብሶት ገነፈለ» የምንለውም ከዚሁ ነው። «እምቅ ችሎታ» ሲባልም ያለ ግን ገና ያልወጣ ማለት ነው። ጋዝ ላይ የሚሆነው ቁርጥ ይኸው ነው። ምንም ሳይወጣ ይጠብባል፣ ሲለቁት ይመለሳል።

ስለ ቃላት ስጠየቅ ብዙ ጊዜ «ሁለቱም ያስኬዳል» እላለሁ። እዚህ ላይ ግን አልልም። «ይጨመቃል» ብሎ የጻፈ ሰው ሀሳቡ ይገባናል፤ ለሚማር ልጅ ግን «ይታመቃል» ይሻላል። ቃሉ ራሱ ግማሹን ትምህርት ይዞ ይመጣልና።

ከልጅዎ ጋር ይህን ይሞክሩ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ያግኙና 10 ሚሊ ሊትር አየር ይሳቡ። አፉን በአውራ ጣትዎ ግጥም አድርገው ይዝጉና ይግፉ። መግፊያው ወደ ውስጥ ይሄዳል። 5 ቁጥር አካባቢ ሲደርስ ጣትዎ ላይ የሚሰማዎት ግፊት እየበረታ ይመጣል። እጅዎን ከመግፊያው ላይ ሲያነሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አሁን በውሃ ይሙሉት፣ የአየር አረፋ እንዳይቀርበት ይጠንቀቁ። እንደገና ዘግተው ይግፉ። ንቅንቅ አይልም። ጣትዎ ትንሽ ከላላ ውሃው ይፈናጠቃል። አየሩ ታመቀ፣ ውሃው ግን መውጫ ፈለገ። የሁለቱ ግሶች ልዩነት እጅዎ ላይ አለ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አየር አብዛኛው ባዶ ቦታ ስለሆነ ነው። በአየር ውስጥ በአንድ ሞለኪውልና በጎረቤቱ መካከል ያለው ርቀት በአማካይ የሞለኪውሉን ስፋት አሥር እጥፍ ያህላል። በርዝመት አሥር፣ በወርድ አሥር፣ በከፍታ አሥር። ሲባዛ ሺህ ይመጣል፤ ለአንድ ሞለኪውል የራሱን ሺህ እጥፍ ያህል ቦታ ይደርሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ ስንገፋው የሚጠበው ባዶው ቦታ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው አያንሱም። ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ምን ያህል እንደሚሰፋ ያስቡ፤ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ያ ሁሉ ትርፍ ቦታ ባዶ ነው።

ባዶ ከሆነ ታዲያ ለምን መልሶ ይገፋል? ሞለኪውሎቹ ዝም ብለው አይቀመጡም። ሳያቋርጡ ይሮጣሉ፣ ከግድግዳው ጋር ይጋጫሉ። ቦታው ሲጠብ ግጭቱ ይደጋገማል። ግፊት የምንለው ይህንን ነው። ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው ሕግ እንደሚለው ሙቀቱ ሳይለወጥ የጋዙን ይዘት፣ ማለትም የሚይዘውን ቦታ፣ በግማሽ ሲቀንሱት ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ሲሪንጁ 5 ቁጥር ላይ ሲደርስ የሆነው ይኸው ነው።

በፈሳሽ ውስጥ ግን ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተነካክተዋል። ከዚያ በላይ ሊያቀራርቧቸው ሲሞክሩ የአንዱ ኤሌክትሮኖች የሌላውን ይገፋሉ። ውሃ ላይ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ቢጨምሩበት ይዘቱ የሚቀንሰው ከ20,000 አንድ እጅ እንኳ ባልሞላ ነው። ብረት ደግሞ ከውሃ በ70 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ማመቁ ማለቴ ነው። ሆኖም «አይታመቅም» ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። ውቅያኖስ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው ከ4 እስከ 5 በመቶ ገደማ ታምቆ ይገኛል። ስለዚህ «እምብዛም አይታመቅም» ይበሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ብዙ የማስተማሪያ ሥዕሎች የጠጣርን ሞለኪውሎች ግጥም አድርገው፣ የጋዝን አራርቀው፣ የፈሳሽን ደግሞ መሃል ላይ በመጠኑ ላላ አድርገው ያሳያሉ። ልጆች ይህን አይተው ፈሳሽ በግማሽ ይታመቃል ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። እውነቱ ግን ፈሳሽ ለጠጣር በጣም ይቀርባል። እንዲያውም ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ማለትም ከበረዶው ይልቅ ውሃው ነው ይበልጥ የተጠጋጋው። ስሙም ያሳስታል። «ፈሳሽ» የሚለው ቃል መፍሰሱን እንጂ መራራቁን አይነግረንም። ሞለኪውሎቹ እንደተነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ ይፈሳል፣ በቃ።

ለጠጣር ደግሞ «ጠቀጠቀ» የሚል ግሩም ግስ አለን። አፈር ሲጠቀጠቅ ዝቅ ይላል። ቅንጣቶቹ ግን አላነሱም፤ በመካከላቸው የነበረው አየር ነው የወጣው። ስፖንጅም እንደዚያው ነው። ልጅዎ «ስፖንጅ ጠጣር ሆኖ እንዴት ተጨመቀ?» ብላ ከጠየቀችዎት፣ አየሩ ስለወጣ ነው፤ እዚያ «ተጨመቀ» ማለቷ ትክክል ነው።

«የታፈነ አየር»ን ከ«የታመቀ አየር» ጋር አያምታቱ። የታፈነ አየር መስኮቱ ተዘግቶ መተንፈሻ ያሳጣን ነው። ግፊቱ ከውጭው አየር አይለይም።

«ጋዝ» የሚለው ቃልም ተጨማሪ ጣጣ አለው። ብዙዎቻችን ላምባን «ጋዝ» እንላለን፣ ላምባ ግን ፈሳሽ ነው። ቡታ ጋዝም ሲሊንደሩን ሲነቀንቁት ይንቦጫቦጫል። ያ በእርግጥም ጋዝ ነበር፤ እጅግ ታምቆ ሞለኪውሎቹ ሲቀራረቡ መሳሳባቸው አሸነፈና ፈሳሽ ሆነ። ሲከፍቱት ከ200 እጥፍ በላይ ሰፍቶ ጋዝነቱን ይይዛል።

ደብተሩ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ብታርመው ደስ ይለኛል፦ «ጋዝ በቀላሉ ይታመቃል፤ ፈሳሽና ጠጣር ግን እምብዛም አይታመቁም።» ስታነብም «መ»ን ታጥብቅ፣ ልክ «ይታመናል» እንደምንለው።