መልስ፦ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚዞሩት የሞርሞን ወጣቶች

ሰላም ወንድሜ፤ «በር የሚያንኳኩት ነጭ ሸሚዝ ለባሾች ደመወዝ አላቸው ወይ? ቀኑንስ እንዴት ይገፉታል?» ብለህ ነበር። ሞርሞኖች የሚባሉት አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተችው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው፤ ወጣቶቹም እምነቷን ለመስበክ ነው የሚዞሩት። በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ስኖር ብዙዎቹ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ለዚሁ አገልግሎት ልከው ስለነበር ያየሁትን ልንገርህ።

ደመወዝ የለም፤ እንዲያውም ልጁ ወይም ቤተሰቡ በየወሩ ገንዘብ ያዋጣል። ወንዶቹ ለ24፣ ሴቶቹ ለ18 ወራት ይሄዳሉ። የሚሄዱበትን አገር የምትወስነው ቤተ ክርስቲያኗ ናት። በተለመደው ሥርዓት ጠዋት 12፡30 ተነስተው ስፖርት ይሠራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያጠናሉ፤ ከዚያ እስከ ማታ ከሰው ጋር ናቸው።

በእኔ አስተያየት ከባዱ የእግር ጉዞው ሳይሆን የተመደበልህ ጓደኛ ነው። ወደድከውም ጠላኸውም አብራችሁ ትበላላችሁ፣ አንድ ክፍል ትተኛላችሁ፤ ብቻህን ዞር ማለት ክልክል ነው። ጠባያችሁ ካልገጠመ ምድባችሁ እስኪቀየር መቻል ነው እንግዲህ!

ናፍቆቱም ቀላል አይደለም። ቀድሞ ወደ ቤት ስልክ የሚደወለው ለገናና ለእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በየሳምንቱ ተፈቅዷል። ብዙውን ጊዜ የሚደውሉት ልብስ በሚያጥቡበትና አስቤዛ በሚገዙበት የዝግጅት ቀን ነው። አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ ልጇ ስለ ስብከቱ ሲያወራ እርሷ «ኮሌታህ ለምን አልነጣም?» ትለው ነበር።

ቤትህ ከመጡ «አልፈልግም» ማለት ነውር የለውም። ብታስተናግዳቸው ግን ቡናም ሻይም ስለማይጠጡ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርብላቸው።